ክፉው ሰውዬ ከቆቃ ሲመለስ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6
ከት/ቤት በቀጥታ ወደ ቀበሌ አዳራሽ። የኪነት ቡድናችን ኃላፊ ጓድ ታምራት አዲሱን ድርሰት አደለን። ክፍል ሁለት! አምና ጥይት የማይበሳው ጀግና እኔን፣ ደም መጣጩን ባላባት፣ በአንድ እጁ አንሥቶ ቆቃ ሐይቅ ወርውሮኝ ነበር። ሞቼ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ሕዝቡ ግን ከጀግናው ይልቅ የወደደው እኔን ነው አሉ። እናም እመለሳለሁ። ያውም ሰባኪ ሆኜ! መጽሐፍ ታቅፌ፣ በጸሎት ስም የመበለት በሬ የምነዳ።
ለሌንሴ ምን ልበላት? ሚስቴ የወንጌላዊ ልጅ ናት። አባቷ ኦቦ ገመዳ አርሲ ነገሌ ናቸው፤ የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ሁለት ዓመት ሆነው።
አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ 9
ልምምድ። ሰባኪው እምቢ አለኝ። ጓድ ታምራት ተቆጣ፤ ሰባኪ ሳይሆን ሒሳብ አስተማሪ ነው የምትመስለው አለ። መሆኔንስ መቼ አጣሁት።
ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ። አንዴ ሳል አልኩ፤ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቀልኩ፤ «ልጆቼ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።
«ይኸው! ይቺን እንዳትለቃት!» አለ ጓድ ታምራት።
ለአንተ አልዋሽም፣ ማስታወሻዬ፤ ደስ አለኝ። ቤት ስደርስ ነው የገባኝ። ሳሉ የአማቴ ነው። መነጽሩም። «ልጆቼ»ም።

ረቡዕ፣ 14
ዝዋይ። ሜዳ ላይ አሳየን። ጋሪ ነጂዎቹ ጋሪያቸው ላይ ቆመው ያያሉ። በሳልኩ ቁጥር ሳቅ። ጀግናው ሲጥለኝ ጭብጨባ። እንዲህ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። ሆዴ ግን ባዶ ነው።

ዓርብ፣ 16
ሌንሴ ሰምታለች። ከዝዋይ ዓሣ የምታመጣልን ሴትዮ ናት የነገረቻት፤ ሳሉን እያስመሰለች፣ እየሳቀች።
«አባቴን ነው የምትጫወተው?» አለችኝ። ባላባቱን ነው አልኳት። ራት አቀረበች። አብራኝ አልበላችም።
እሑድ አርሲ ነገሌ ነን።

ቅዳሜ፣ 17፣ አርሲ ነገሌ
ቡድኑ ት/ቤት ውስጥ አረፈ። እኔ አማቴ ቤት ሄድኩ። ምነው እግሬን በሰበረው!
ኦቦ ገመዳ በር ድረስ ወጡ። «አካም ጅርታ፣ ልጄ?» ከስተዋል። ሳሉ ብሶባቸዋል። ወተት አስቀዱልኝ፤ ስለ ሌንሴ ጠየቁኝ። ከዚያ፦
«እስቲ አሳየኝ።»
ወሬው ከዝዋይ ደርሷቸዋል፤ ድምፃቸው ግን ቁጣ የለበትም። ነገ ከፊት ወንበር እንዲቀመጡ ታዘዋል። በሰው ፊት ከማየው እዚሁ ልየው አሉ። ተነሣሁ። መነጽሬን ሰቀልኩ። አፌ አልከፈት አለ።
«እኔ አይደለሁም፣ አባባ። ድርሰቱ ነው» አልኳቸው።
«ድርሰቱ ላይ ሳል ተጽፏል?»
ወተቱን ሳልጨርስ ወጣሁ።

እሑድ፣ 18፣ ጠዋት 12 ሰዓት
እንቅልፍ የለም። ጓዶቹ ዴስክ ላይ ተኝተዋል። ሳሉን ትቼ ብጫወትስ? አስቤዋለሁ። ታምራት አይለቀኝም። ሕዝቡም አይለቀኝም። እሳቸው እዚያ ቁጭ ብለው ሰው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ሲያይ!
አመመኝ አልልም። አልጫወትም ነው የምለው። ፀረ ምናምን ይሉኛል፤ ማስተማሬም ይቀር ይሆናል። ከዚያ የባሰም አለ።
ሌንሴ፣ ይህ ደብተር እጅሽ ከገባ፣ መጀመሪያ የሳልኩት ማንም ሳያዘኝ ነው…
ታምራት ነቅቷል። ፊቱን እየታጠበ ነው። ልሂድና ልንገረው።