የድሮ ስሜን የሚጠይቀው ፕሮግራም

ልጄ ፋንግ፣ በጎ ሥራሽ ጥላ ይሁንሽ፤ የኦሳካ ብርድ አይድፈርሽ። ያን ስስ ካፖርት አሁንም አልጣልሽውም አይደል? እኛ ደህና ነን፣ ከአባትሽ ጣጣ በቀር።

ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ ብሎ ውስጡን ሙልጭ አድርጎ አጠፋውና ሁሉንም እንደ አዲስ ጫነው። አሁን የጥልፍ መኪናዬን የሚያዘው ፕሮግራም የመጠቀሚያ ፈቃዱ በማን ስም እንደተገዛ ካልታወቀ አልከፈትም ብሎ ተገትሯል። ሰኞ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ የተማሪ ስም የሚጠለፍባቸው ስልሳ ሸሚዞች ተከምረዋል፤ እናቶቹ ደጄ ላይ ቆመው ያፈጡብኛል።

ፕሮግራሙን ለሸጡልን ሰዎች ደወልኩ።

«እማማ፣ በማን ስም ነው የተመዘገበው?» አለችኝ ስልኩን ያነሣችው ልጅ።

«በእኔ ነዋ! ናታሪካ።»

«በዚህ ስም የለም።»

ለካ የገዛነው መነኩሴው፣ የድሮው ስምሽ ነው በሽታ የሚጠራብሽ ብለው ስሜን ከመቀየራቸው በፊት ነው! አባትሽ ከጎኔ ሆኖ፣ «የድሮውን ንገሪያትና እንገላገል!» ይለኛል።

«ያን የበሽታ ስም በዚህ ቤት አላነሣም! ከጣልኩት ወዲህ ነው ጉልበቴ የዳነው።»

«ጉልበትሽን ያዳነው መርፌው ነው፣ አንቺ ሴት!»

ልጅቷ በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋትና ዘጋሁባት። አባትሽንም ስሙን ትንፍሽ እንዳይል አስምዬዋለሁ።

እባክሽ ልጄ፣ አንቺ እስከ ዓርብ ደውይላቸውና ያን ስም ንገሪያቸው፤ ፈቃዱን ሲመልሱልኝ በአዲሱ ስሜ ይጻፉት። ዕድሜሽ ይርዘም፣ እንጀራሽ ይባረክ። ስትናገሪው ብቻ፣ አደራሽን፣ ከቤትሽ ወጥተሽ ይሁን።

እናትሽ ናታሪካ