ሰማንያ አራት ከመቶ

ጥር 6
ተራ ቀን። ከምሳ በፊት የጡረታ ፈንዳችን ድርሻ ያለባቸውን የሦስት ድርጅቶች ቅጽ ጨረስኩ። አርባ ጥያቄ፣ አርባ መልስ። "ጭሳችሁን ታጣራላችሁ?" "አዎ።" "ቆሻሻ ውሃችሁንስ?" "አዎ።" ሁሉም አዎ ባይ ነው። ማኅተሙን አያለሁ፣ ነጥብ እሰጣለሁ፣ ወደሚቀጥለው። ሲሚንቶ ፋብሪካው ሰማንያ አራት ከመቶ አገኘ፤ ከሠላሳ አንዱ አንደኛ። ወንድም ጋሼ የሚሠራበት ስለሆነ ትንሽ ሳልኮራ አልቀረሁም።

አለቃዬ ደስ ብሏታል። ጥር 24 ቦርዱ ይወስናል። የጡረተኛው ገንዘብ ከእንግዲህ ሰውም መሬትም የማይጎዳ ሥራ ላይ ብቻ ይዋል፣ ወይስ እንደ ድሮው ትርፍ ወዳለበት ሁሉ? ሦስት ዓመት የለፋችበት ነው። የፋይናንስ ኃላፊው ግን አይፈልግም። አዲስ ነገር በሰማ ቁጥር "ይቆየን" ስለሚል ቢሮው በሙሉ የሚጠራው ይቆየን እያለ ነው። ሚስቱ ምጥ ሲይዛትም "ይቆየን" ብሏል አሉ።

ጥር 12
ምሳ ወንድም ጋሼ ቤት። ሃያ ስምንት ዓመት ምድጃው ላይ ሠርቶ ዛሬም እጁን ሲታጠብ ውሃው ይደፈርሳል።
"ፋብሪካችሁ አንደኛ ወጣ" አልኩት።
ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልቆም አለ። ሚስቱ ውሃ ሰጠችው።
"ማጣሪያው ከተዘጋ እኮ ስምንት ወሩ ነው፣ እህት ዓለም። መብራት ይበላል ብለው። እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል፣ እንግዳው ሲሸኝ ይዘጋል።"
 ሰማንያ አራት… በእኔ እጅ የተጻፈ።
ከዚያ እሱም ደነገጠ። ማንኪያውን አስቀመጠ። "ከእኔ ሰማሁ እንዳትዪ። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። አሁን ካባረሩኝ ሙሉ ጡረታ የለም። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሳል ማን ይቀጥረኛል?"
"ብናገር ሞቼ ልገኝ" አልኩት። ሚስቱ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር።

ጥር 13
ለምን ማልኩ? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል።

ጥር 15
አለቃዬን "ድርጅቶቹን ሄደን ብናያቸውስ?" አልኳት።
"ሠላሳ አንድ ድርጅት በዘጠኝ ቀን? በክንፍ ነው?"
እውነቷን ነው። ለቦርዱ ያዘጋጀችውን አሳየችኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ማን አለ? ሲሚንቶ ፋብሪካው። "ለሌሎች አርአያ" ይላል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከጭሱ ይልቅ የዚህ ገጽ ውሸት ቢጋለጥ ይብሳል። ይቆየን አንድ ስህተት ካገኘ ሁሉንም ነው የሚቀብረው።

ሊፍት ውስጥ ከይቆየን ጋር ሆንን። "ወንድምሽ ደህና ነው?" አለኝ።
ወንድም እንዳለኝ በምን አወቀ?

ጥር 18
ደብዳቤ ጽፈን ብንሄድ ማጣሪያውን ከፍተው ይጠብቁናል። ስለዚህ ፈቃድ ወሰድኩ፣ በአውቶቡስ ብቻዬን ሄድኩ። ለወንድም ጋሼ አልነገርኩትም። ሌላ ሰው አይቶ ከነገረኝ ወንድሜን ማን ይጠረጥራል? ሐሳቤ ይኼ ነበር።

ከፋብሪካው አጥር ጀርባ ያለው ሰፈር። ቅጠሉ ግራጫ፣ ቆርቆሮው ግራጫ። በየግቢው የልብስ ማስጫ ገመድ አለ፣ ልብስ ግን የለም። ፀሐዩ እንዲህ እያለ? ቧንቧው ጋ ጀሪካን የምትሞላ ሴትዮ አገኘሁ። ጠየቅኋት።
"እዚህ ሰፈር ልብስ የሚታጠበው እንግዳ ሲመጣ ነው።"
"የማን እንግዳ?"
"የፋብሪካው ነዋ። የዘበኛው ሚስት ቀድማ ትነግረናለች። ያን ቀን አቧራ የለም፣ ሰፈሩ በሙሉ ያጥባል፣ ብርድ ልብስ ሳይቀር። ሌላ ጊዜ ቤት ውስጥ ነው የምናሰጣው። ሽታው አይጣል ነው።"
"መጨረሻ ያጠባችሁት መቼ ነው?"
"ኅዳር ላይ። ሁለት ቀን።"
ቅጹ ላይ "ተቆጣጣሪ የጎበኘን" ያሉት ኅዳር ላይ ነው። ሁለት ቀን። 

ከየት እንደመጣሁ ስነግራት ጀሪካኗን አስቀመጠች። "የሟች ባሌን ጡረታ የምበላው ከእናንተ አይደል? ታዲያ ፋብሪካው የእኔም ነዋ። በይ ባለቤቲቱ ማጣሪያውን ክፈቱት ብላለች በያቸው።" ሳቅን። ከዚያ ጎረቤቶቿን ጠራች። ዘጠኝ ሴቶች ያሉትን ጽፌ አነበብኩላቸው፣ ፈረሙልኝ።

ጥር 21
ለአለቃዬ ነገርኳት። የወንድሜን ነገር አላነሳሁም። ፊቷ ቅጭም አለ። 
"ዝም ብለን ከዝርዝሩ እናውጣው" አለች። "ሐሳቡ ይጽደቅ፣ ቀስ ብለን እናስተካክላለን።"
እንዴት ደስ የሚል ሐሳብ ነው። እኔም አልዋረድ፣ ወንድም ጋሼም አይነካ…
ሴቶቹ ግን ፈርመውልኛል።
"እኔ ራሴ እናገራለሁ" አልኳት። አልከለከለችኝም። አልባረከችኝምም።

ጥር 24
ቦርድ። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ።
"ሰማንያ አራት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሳላይ ነው የሰጠሁት። ስህተት ነው።" የሴቶቹን ቃል አነበብኩ።
ይቆየን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። "እንግዲህ መለኪያቸው ይህ ከሆነ፣ ነገሩ በሙሉ ይቆየን።"
ጡረተኞቹን የሚወክሉት አዋላጅ መነጽራቸውን አወለቁ። ድሮ ግማሹን ከተማ ያዋለዱ ሴትዮ ናቸው። "ልጄ፣ ሌሎቹን ሠላሳውን አይተሻል?"
"አላየሁም።"
"ስንቱን አየሽ?"
"አንዱን።"
"ባየሽው በአንዱ ውሸት አገኘሽ። ታዲያ የሚያስፈልገው ሌሎቹንም ማየት ነው ወይስ መተው?"
ድርሻችንን ሸጠን እንውጣ ያሉ ነበሩ። አዋላጇ አልተቀበሉም። "እኛ ብንወጣ አቧራው እዚያው ነው። ባለቤት ሆነን እንዘዝ።" የአለቃዬም ሐሳብ፣ የእሳቸውም ጸደቀ። ማጣሪያው በአንድ ወር ውስጥ ይከፈት፤ ከእንግዲህ ሳይታይ ነጥብ አይሰጥ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ይገባኛል።

ግን ይቆየን ልንወጣ ስንል ጠየቀኝ። "እዚያ ሰፈር ምን ወሰደሽ? ከሴቶቹ በፊት ማን ነገረሽ?"
"ማንም" ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል። ዝም አልኩ። ፊቴ ጋለ። እሱም ራሱን ነቀነቀ፣ ወጣ።
ምነው አንድ ውሸት አቃተኝ?

ጥር 26
የወንድሜ ሚስት ደወለች። ከሥራ ታግዷል። "ምን አደረግንሽ?" አለችኝና ዘጋችው። ለፋብሪካው ማን እንደነገረ አላውቅም። እገምታለሁ።

ጥር 27
ስልክ አያነሳም።

ጥር 29
አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወንድሜ እንዲመለስ ለፋብሪካው ደብዳቤ እየተጻፈ ነው አለች። ሲጻፍ፣ ሲፈረም፣ ሲደርስ… ሁለት ዓመት ብቻ ነበር የቀረው። እኔ ነኝ የቀማሁት።

የካቲት 7
መጣ። ቢሮ፣ እንግዳ መቀበያው ጋ ቆሞ አገኘሁት። ቁጭ በል ብለው እምቢ አለ።
"ቃልሽን በላሽ።"
"በላሁ፣ ወንድም ጋሼ። ይቅር በለኝ።"
ይቅርታውን እንዳልሰማ አለፈው። "የእኛን ፈረቃ ሦስታችንን አሰለፉን። ማን ነው ያወራው ሲሉ ሁሉም ከሦስታችን ጫኚውን አዩት። አራት ልጅ አለው። እኔ ነኝ አልኩ። ለአንቺ ብዬ አይደለም፣ እንዳይመስልሽ።"
 አለቀስኩ። የሚገባ የሚወጣው ያየኛል።
"ሁለቱን ዓመት ልጨርስ ብዬ ስምንት ወር ያን አቧራ ዋጥኩት" አለ። "ትናንት ሐኪሙ ሳንባዬን አየልኝ። በዚህ ብቀጥል ጡረታውን የምትበላው ሚስቴ ነበረች።"
በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። "አርባ ጥያቄ ጠይቀሽ ዋናውን ረሳሽው። እውነቱን የሚነግራችሁን ሠራተኛ ምን ታደርጉታላችሁ? ብለሽ አልጠየቅሽም።"
ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ።

መጋቢት 11
ማጣሪያው ከተከፈተ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ። ደብዳቤያችን ደርሶ ወንድም ጋሼም ተመልሷል። ምድጃው ላይ አይደለም፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው ያስቀመጡት። ሁለቱ ዓመት ይቆጠርለታል። ስደውል ያነሳል። ደህና ነኝ ይላል። እህት ዓለም ግን አይለኝም፣ በስሜ ነው የሚጠራኝ። ስሜ እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

አዲሱ ቅጽ አርባ አንድ ጥያቄ አለው። የመጨረሻው የእሱ ነው፤ እሱ እንዳለው፣ ቃል በቃል። ቦርዱ ሳይነካው አጸደቀው። ይቆየን እንኳ እጁን አወጣ፣ ግማሽ እጅ።

የመጀመሪያው መልስ ዛሬ መጣ። ከቆዳ ፋብሪካው። አርባውም "አዎ"። አርባ አንደኛው ባዶ ነው።

ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ። ደብዳቤ አልጻፍኩም። እዚያ እኔ ወንድም የለኝም። የሌላ ሰው ወንድም ግን አለ።