ለየልጁ አንድ አልጋ

እናንዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። አንቺ ያለሽበት ከእኛ ይሻላልና እንዴት ሰነበትሽ ብዬ አልጠይቅሽም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዘንድሮው ገብስ ታጭዶ ተከምሯል፤ ዳልቻዋ ላምም ወልዳለች። ስትጨቀጭቂኝ የኖርሽውን የማድቤት ክዳን በቆርቆሮ ለወጥኩት። እኔ ሳለሁ ብታደርገው ምን ነበረበት እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው። ልጃችን ብርቄ ደግሞ ሴት ልጅ ተገላግላ፣ ሕፃኗ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። አፍንጫዋ ቁርጥ ያንቺ ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ግን ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለዚያ ስንት ዓመት ወለሉን ስታጥቢ ስለኖርሽበት የልጆች ክፍል ልነግርሽ ነው። የዚያን ክፍል ነገር ከፊትሽ ነበር የማነበው። ወደ ቤት ስትገቢ ገበታው ቀርቦ ዝም ካልሽ፣ ያን ቀን አንድ ሕፃን አርፏል ማለት ነው። ምን ሆንሽ ብዬ አልጠይቅሽም ነበር፤ ውኃ ቀድቼ እግርሽን አጥብሻለሁ፣ አንቺም ቆይተሽ ቆይተሽ ትበያለሽ። ከስማዳ ቆላ ታማሚ ይዘው የመጡ፣ ዘመድ የሌላቸው እናቶችንም እያመጣሽ ጓዳችን ውስጥ ታሳድሪያቸው ነበር። አንድ ቀን በገዛ ቤቴ የምተኛበት አጥቼ በረት አድሬ አላውቅምን? ጠዋት ላይ ገለባውን ከጋቢዬ ላይ እየለቀምሽ ስትስቂብኝ አሁንም ይታየኛል።

ከክልል እንግዶች የመጡበት ቀንስ ትዝ ይልሻል? በጀት ለመመደብ ሁኔታውን ሊያዩ ነው የመጡት። ክፍሉ ታጥቦ፣ አዲስ አንሶላ ተነጥፎ፣ ሁሉም ደህና ነው ተባለላቸው። አንቺ መወልወያሽን ይዘሽ ጥግ ላይ ቆመሽ ነበር። ማንም ሳይጠይቅሽ፣ “ጌቶቼ፣ እስቲ ጫማችሁን አውልቃችሁ እዚች አልጋ ላይ ሦስት ሆናችሁ ተኙ። እነዚህ ልጆች የሚታከሙት እንዲያ ሆነው ነው” አልሻቸው።

እኔ ወሬውን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ከሥራ ትባረራለች ብዬ ፈራሁ፤ ፍርሃቴም ቁጣ ሆኖ ወጣ። “አንቺ ወለል ጠራጊ ነሽ፤ አፍሽን ሰብስበሽ እንጀራሽን ብዪ” አልኩሽ። ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ተኛሽ። ሦስት ቀን ተኳረፍን። አርብ ገበያ ወርጄ ትርንጎ ገዝቼልሽ ስመጣ ከሁለት ሰንጥቀሽ ግማሹን ሰጠሽኝ፤ በዚያው ታረቅን። ይቅርታ ግን አላልኩሽም።

አንቺ ካረፍሽ ወዲያ መንግሥት ለልጆች ሕክምና በጀት መደበና ከግቢው በስተምሥራቅ አዲስ ክፍል ተሠራ። ያንቺ ቃል ሠርቶ ይሁን አይሁን አላውቅም። ብቻ አሁን ለየልጁ አንድ አልጋ አለ፤ ለእናትየውም መቀመጫ። ትንፋሽ የሚያግዝ የኦክስጅን ማሽንም መጥቷል።

በዚህ በኅዳር የብርቄን ልጅ ሳንባ ምች ያዛት። በባጃጅ ይዘናት ሄድን። ሲስተሯ ቀጭን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ አድርጋላት ትንፋሿ ሲረጋጋ፣ ብርቄም እኔም ተመስገን አልን። ከቀትር በኋላ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ቆመ። ሲስተሯ የኦክስጅን ሲሊንደር ከቀዶ ሕክምና ክፍል ልታመጣ ሮጠች። እስክትመለስ የልጅቱ ከንፈር ጠቆረ። እኔ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ስንቱን ጸሎት ያጠናሁት ሰውዬ፣ አቡነ ዘበሰማያት መሐል ላይ ጠፋብኝ። ሲሊንደሩ ደረሰ፤ ከንፈሯም ቀስ እያለ ቀላ። በሳምንቱ ድና ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ የሕዝብ መድረክ ጠራና ሄድኩ። ኃላፊው ስለ አዲሱ ክፍል ብዙ ተናገረ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አስተያየት ያለው ካለ ተባለ። እኔ በጉባኤ ተናግሬ እንደማላውቅ አንቺ ታውቂያለሽ። እንዲያም ሆኖ እጄን አውጥቼ ተነሣሁ።

“ክፍሉ አምሯል፤ እግዜር ይስጣችሁ” አልኩ። “ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ይቆማል። ለቢሮው ጄኔሬተር አለ፤ መስመሩ ለልጆቹ ክፍል ለምን አይዘረጋም?”

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። “አባ፣ ጠይቀናል፤ የዘንድሮው በጀት አልቆ ነው። ለከርሞ ይያዛል” አለኝ።

“ልጄ፣ ሕፃን ለከርሞ አይተነፍስም” አልኩት።

ከኋላ አንዲት እናት ተነሥታ የእሷም ልጅ እንዲሁ ሆኖ እንደነበር ተናገረች፤ ከእሷ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ከዚያም ሌላዋ። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው ሳምንት ከቢሮው ጄኔሬተር እስከ ልጆቹ ክፍል የመብራት ገመድ ተዘረጋ። ሄጄ አየሁት። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ማሽኑ ግን ይሠራል።

ከመድረኩ ወጥቼ ብቻዬን ወደ ቤት ስመለስ፣ አንቺ ያን ቀን ምን ያህል ብቻሽን እንደቆምሽ ገባኝ። ለእኔ ከኋላዬ እናቶች ተነሡልኝ። አንቺ ግን የገዛ ባልሽ እንኳ አልቆመልሽም። እናንዬ፣ ይቅር በይኝ። በሕይወት ሳለሽ ፊት ለፊት ልልሽ ይገባኝ ነበር።

በየቅዳሴው ስምሽን አስጠራለሁ። ለልጅቱም ስታድግ፣ አያቷ ምን እንዳለች፣ ለማን እንዳለች፣ እኔም ምን ብዬ እንዳሳዘንኳት ሳልደብቅ እነግራታለሁ። ይህን ቃሌን አንቺ ዘንድ እስክመጣ ድረስ አላጥፍም።

አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ወረቀቱን ልትነጥቀኝ እጇን እየዘረጋች ትጮህብኛለች። እናቷ ዝም አሰኛት ትለኛለች። እኔ ግን እንዲህ በሙሉ ሳንባዋ ስትጮህ ዝም ላሰኛት አልፈልግም።

ባልሽ