ካልሲው የጮኸ ዕለት

ይድረስ ለተከበሩ አማቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ይህንን ለወጉ ያህል ይጽፋል፤ እኔም እስከ ዛሬ ለወጉ ነበር የምጠይቅዎት። ዛሬ ግን የምሬን ነው። ጠዋት ሲነሱ ራስዎን ያዞርዎታል ወይ? ውኃ ቀድተው ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆም ይላሉ ወይ? ለእኔ ባይመልሱልኝም ለራስዎ እውነቱን ይመልሱ። ለምን እንደጠየቅሁ ወደ ታች እደርስበታለሁ፤ ከእሱ ከጀመርኩ እጄ ይያዛል።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሎዛ ጉንጯ ሞልቷል፣ ሰው ሲያናግራት ፈገግ ትላለች። እርስዎ ገላዋን ሲያጥቧት የሚያንጎራጉሩላትን ምስራ ስትሞክረው ግን ዝም ብላ ታያታለች፤ ልዩነቱ የገባት ይመስላል። ምስራም ጤናዋ ደህና ነው፣ እኔን ግን አታናግረኝም። ምሳዬን ታቀርባለች፣ ልብሴን ታዘጋጃለች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እውነቷን ነው። እናቷን ከአራስ ቤት ያባረረ ባል ሌላ ምን ይደረግለታል።

ስልክ ደጋግሜ ደውያለሁ። አንድ ጊዜ አንስተው «ኔትወርኩ አይሰማም» ብለው ዘጉት። እናቴ፣ እኔ እኮ ስልክ ሻጭ ነኝ፤ ኔትወርክ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ድምፅዎ ከጎረቤት የሚመጣ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። አልፈርድብዎትም። በስልክ ቢሆን እኔም «ይቅርታ» ብዬ፣ እርስዎም «ምንም አይደል» ብለው፣ ነገሩን ሸፋፍነን እንለያይ ነበር። ውዳሴ ማርያም በሚያነቡበት መነጽር ቀስ ብለው ያንብቡልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት። መሐል ላይ ቢናደዱ እንኳ አይቅደዱት፤ ዋናው ነገር መጨረሻው ላይ ነው።

መቼም እኔ ማን እንደነበርኩ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ጎጃም በረንዳ ጆንያ ተሸክሜ የማድር ሰው ነበርኩ። ምስራን እንዲጠይቁልኝ ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ ወንድሞችዎ «ልጅሽን ለኩሊ ልትሰጪ ነው?» ብለው ተነሱብዎት። እርስዎ ብቻዎን «የሰው ዕቃ ሳይሰበር አድርሶ የሚመለስ ልጅ የእኔንም ልጅ አይሰብራትም» ብለው እንደሰጡኝ ሽማግሌዎቹ ነግረውኛል። ዛሬ ሱቅ አለኝ፣ ሰዉም ጋሼ ይለኛል። በእርስዎ ቃል ሰው የሆንኩ ሰው ነኝ እንግዲህ እርስዎን በሰው ፊት ያዋረድኩት።

ሎዛ ጊዜዋ ሳይደርስ ስትወለድ ቡላውንና ቅቤውን ይዘው የደረሱልን እርስዎ ነዎት። ከሙቀት ክፍል ወጥታ ቤት ስትገባ ሐኪሙ «አሁን ጤነኛ ናት፣ እንደ ማንኛውም ልጅ ያዟት» ብሎናል። ምስራ አመነችው፣ እርስዎም አመኑት። ያላመንኩት እኔ ነኝ። ያቺን የጣት ያህል የቀጠነች እግሯን በመስታወት ውስጥ ካየሁ ወዲህ ከዓይኔ አልጠፋ ብላኝ ነበር። ተኝታ እያለች ጆሮዬን አፏ ላይ ደቅኜ ትንፋሿን ካልሰማሁ ወደ ሱቅ አልሄድም ነበር፤ ሱቅ ደርሼም ሐሳቤ ቤት ነው።

ከዱባይ ሸቀጥ የሚያመጣልኝ ረዲ ይህን ጭንቀቴን አይቶ ነው ካልሲውን ያመጣልኝ። ልጅቷ እግር ላይ ይጠልቃል፤ የልቧን ምትና ደሟ ውስጥ ያለውን አየር እየለካ በኢንተርኔት ሱቅ ድረስ ስልኬ ላይ ያሳየኛል። ከመጠን በታች ከወረደ ስልኩ ይጮኻል። አቤት የነዛሁት ጉራ። ደንበኛ ሲመጣ ኬብል ከማሳየቴ በፊት የልጄን ልብ አሳይ ነበር። የጎን ሱቁ ጃፋር «ሰው ቤቱ ገብቶ ልጁን ያቅፋል፣ አንተ በስልክ ታቅፋለህ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ለእርስዎ ግን ነገሩን የነገርኩዎት እንደ አዛዥ ነው፤ እንዳይወልቅ፣ እንዳይረጥብ፣ ቅቤ እንዳይነካው አልኩ። ስንት ልጅ ያሳደጉ ሴት «እሺ» ብለው አዳመጡኝ።

አንድ ቀን ደግሞ ሎዛን እያስተኙ «ይኼ ነገር ለትልቅ ሰውም ይሠራል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ያስታውሱታል? እኔ ሳቅሁ። «የእርስዎ ልብ ካልሲ አያስፈልገውም፣ ሁላችንንም ይቀብራል» አልኩ። እርስዎም አብረውኝ ሳቁ፣ በዚያው ቀረ። ከገበያ ሲመለሱም ሁለተኛ ፎቅ ላይ የደረጃውን ብረት ይዘው ቆመው ከጎረቤታችን ከእትዬ ፋንታዬ ጋር ሲያወሩ ስንቴ አይቻለሁ። ወሬ መውደድዎ መሰለኝ። በሆዴ «ልጃቸው አራስ ናት፣ እሳቸው ደረጃ ላይ ወግ ይዘዋል» ብዬ አጉረምርሜያለሁ። ይኼን አልሰሙትም፤ ግን ልናዘዝ ከተቀመጥኩ አይቀር ሁሉንም ልናገር።

የዚያን ዕለት ከምሳ በኋላ ለአንድ ደንበኛ ቻርጀር እየሞከርኩ ስልኬ ጮኸ። ስክሪኑ ቀልቷል። የልብ ምት ሠላሳ ስምንት ይላል። የሎዛ ከመቶ ወርዶ አያውቅም። ለምስራ ደወልኩ፤ ለካ የስልኳን ድምፅ አጥፍታ ተኝታለች። ሱቁን እንደተከፈተ ጥዬ ወጣሁ። መርካቶ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚመስል አይተዋል፤ ጋሪው፣ ተሸካሚው፣ ሚኒባሱ ተጣብቆ ነው የሚውለው። አንዱን ተሸካሚ ከነሸክሙ ገፍትሬ ጣልኩት። ዞሬም አላየሁት፤ እኔ፣ እዚያው መንገድ ላይ ስንቴ ተገፍትሬ የወደቅሁት ሰው። አውቶቡስ ተራን አልፌ ደረጃችን ሥር ስደርስ ልጄን በሐሳቤ ገንዤ ጨርሼ ነበር።

በሩ ገርበብ ብሏል። እርስዎ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሎዛ ጭንዎ ላይ ሆና ባዶ እግሯን ታወራጫለች። ካልሲው ያለው የእርስዎ አውራ ጣት ላይ ነው።

ደህና መሆኗን ሳይ ተንበርክኬ ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን ያን ሁሉ መንገድ ያስሮጠኝ ፍርሃት በአፌ ወጣ። «መጫወቻ መሰለዎት? ከገጠር የመጡት ልጄን ሊገድሉብኝ ነው?» አልኩ። ከጣትዎ ላይ መንጭቄ ወሰድኩት። እትዬ ፋንታዬና የደረጃው ሰው ጩኸቴን ሰምቶ በር ላይ ተሰብስቦ ሳለ፣ ዝም እንደማለት «የማያውቁትን ነገር አይንኩ» ብዬ ደገምኩ። ምስራ ከመኝታ ቤት ደንግጣ ስትወጣ የደረሰችው በዚህ ላይ ነው። ግንባርዎን ላብ አጥምቆት ነበር፣ ከንፈርዎም አመድ መስሏል። አየሁት። ጥፋተኛ ስለሆኑ ደንግጠው ነው አልኩ። እርስዎ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አይዞህ ልጄ፣ እሷ ደህና ናት» አሉኝ።

በማግስቱ «እንሰት የሚፋቅበት ጊዜ ደርሷል» ብለው ነጠላዎን አጣፉ። ልጅ ክርስትና ሳትነሣ የአራስ እናት ጥላ ስትወጣ ሰፈሩ ምን እንደሚል አሳምረው ያውቃሉ፤ እያወቁ ወጡ። ደግሞ ወጉ፣ አማች ሚስቱን ያረሰችለትን አማት ቀሚስና ነጠላ አልብሶ፣ መኪናው ድረስ ሸኝቶ፣ ጉልበቷን ስሞ ነው የሚመለሰው። ቀሚሱን አስቀድሜ አሰፍቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅዬው ነበር። ላወጣው አልሆነልኝም። ኩራት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። በመስኮት ቆሜ ሻንጣዎን ራስዎ ይዘው ሲሄዱ አየሁ። ሁለቴ ቆም አሉ። ዞር ብለው ያዩናል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልዞሩም። ለምን እንደቆሙ የገባኝ ዛሬ ነው።

ካልሲውን ከዚያ ወዲህ ሎዛ አላደረገችውም። የትልቅ ሰው ጣት ሲነካው ተበላሽቷል ብዬ ረዲ እንዲቀይርልኝ ሱቅ ወስጄ አስቀመጥኩት። ሰሞኑን ጃፋር መጥቶ «እስቲ የእኔንም ልብ ይቁጠረው» ብሎ ጣቱ ላይ አደረገው። ሰባ ምናምን አለ፤ አልጮኸም። እኔም አደረግሁት፤ አልጮኸም። ሻይ የምታመጣልን ማሚቱ ካልሞከርኩ ብላ አደረገችው፤ እሷ እንደውም ደረጃ ለደረጃ ስትሮጥ የምትውል ናት፣ እሷም ላይ አልጮኸም። ጃፋር እየሳቀ «ታዲያ ያን ቀን ምን አግኝቶት ጮኸ?» አለኝ። «የአማቴ ጣት ላይ ነበር» አልኩት። ሳቁን አቆመ። ስንት ይል እንደነበር ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። እኔን ሳያየኝ «ሱቅህን እኔ እዘጋልሃለሁ፣ አንተ ሂድ» አለኝ።

የሄድኩት የሎዛ ሐኪም ጋ ነው። ስለ ሎዛ የመጣሁ መስሎት ቆይ አለኝ፤ ስለ እርስዎ ስነግረው ግን ቁጭ አደረገኝ። ደረጃ ሲወጡ ይቆማሉ ወይ አለኝ። ይቆማሉ አልኩ። ራሳቸውን ያዞራቸዋል ወይ፣ ያልባቸዋል ወይ አለኝ። ያን ጊዜ ያየሁት ላብና ያየሁት ከንፈር ፊቴ ላይ መጣ። አሁን የት ናቸው አለኝ፤ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ገጠር አልኩት። አጠገባቸው ማን አለ ቢለኝ ማንም የለም አልኩት። «ታዲያ እንዴት ብቻቸውን ለቀቃችኋቸው?» አለኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እናቴ። እኔ ነኝ ያባረርኳቸው አልልም።

ሌላውን ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። እርስዎ ብቻዎን ቁጭ ብለው እንዲያነቡት አልፈልግም። ቶሎ ከመጡ የሚደረግ ነገር እንዳለ ግን ነግሮኛል፤ ይኼን በሎዛ እምላለሁ። ለምስራም አልነገርኳትም። «ይቅርታ ጠይቄ ላስመጣቸው ነው» ብቻ አልኳት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። ያን ፊቷን እንዳያሳፍሩት።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። እኔ ስስቅብዎት በሆድዎ ይዘውት የቀሩትን ጥያቄ ሐኪሙ ፊት ይጠይቁት። ያን ዕለት ካልሲውን የሞከሩት ለመጫወት እንዳልሆነ አሁን ገብቶኛል። ሕመምዎን ለማን ይናገሩታል? ልጅዎ አራስ ናት፣ አማችዎ ደግሞ የሚያየው ስልኩን ነው። ለዚያ ነው ብቻዎን ሆነው ጣትዎ ላይ ያደረጉት። እሱም አልተሳሳተም ነበር፤ የሚጠራኝ ወደ እርስዎ ነበር። እኔ ደርሼ ሰደብኩዎት።

ይህንን ያመጣልዎት ካሳ ሾፌራችን ነው፤ ያውቁታል። የላክሁት መልስ እንዲያመጣልኝ አይደለም፣ እርስዎን እንዲያመጣልኝ ነው። እርስዎ ሳይገቡ ሞተር እንዳያስነሳ ነግሬዋለሁ። ቡላ ልያዝ፣ ቅቤ ልያዝ አይበሉ፤ ምንም ነገር አያንሱ። እንሰቱን ይተዉት፣ እኔ መጥቼ አስፍቀዋለሁ። ቀሚሱን አልላክሁም፤ እዚህ መጥተው ነው የሚለብሱት፣ ሎዛን አቅፈው ቤተ ክርስቲያን የሚገቡበት ነው። ደረጃውን ደግሞ አያስቡት። ስንት ዘመን የነጋዴ ጆንያ በተሸከምኩበት ጀርባ እርስዎን አዝዬ ሦስተኛ ፎቅ አወጣለሁ። ሰፈሩ ያኔ ስድቤን እንደሰማ ይኼንንም ይይልኝ።

ፖስታው ውስጥ ካልሲውን ያገኙታል። በካሳ ስልክ በኩል ወደ እኔ ስልክ እንዲልክ አስተካክዬ አገናኝቼዋለሁ፤ መኪናው ውስጥ እንደገቡ አውራ ጣትዎ ላይ ያድርጉት። እኔ እዚህ ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ቢጮህ አይደንግጡ፣ አያውልቁት። ይጩህ። በዚህ ጊዜ የምሮጠው ወደ እርስዎ ነው።

መድኃኔዓለም መንገዱን ያቅናልዎት፤ እስክንገናኝ ድረስ ትንፋሽዎን ይጠብቅልን። ምስራን ለሰጠኝ እጅዎ ጉልበትዎን እስማለሁ። ለእኔ ምርቃት አልጠይቅም፤ ለሎዛ የሚመርቁላትን ግን በአፍዎ መጥተው ይመርቁላት።

«አይዞህ ልጄ» ሲሉት የሰደበዎት፣

አማችዎ