የዳነችው ጤነኛዋ ጣቴ

ለተከበሩ የእጅ ሕክምና ክፍል የመርፌ አወዳዳሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? እርስዎም ሆኑ የኮሚቴው አባላት፣ በተለይም አሥሩም ጣቶቻችሁ፣ ሙሉ ጤነኛ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከሆስፒታሉ ማዶ ያለው ጸጉር አስተካካይ ነኝ፤ ዘጠኙ ጣቶቼ ደህና ናቸው። አሥረኛዋ፣ የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት፣ ከታጠፈች አልዘረጋ ማለት ከጀመረች ስድስት ወሯ ነው። ይባስ ብላ አንድ ቀን መቀሱ ውስጥ እንደታጠፈች ተቆልፋ ቀረችና፣ የደንበኛዬን ጸጉር በአንድ ጎኑ ብቻ ቆርጬ፣ መቀሱን በእጄ እንዳንጠለጠልኩ ወደ እናንተ መጣሁ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳልጠይቅ ቅድሚያ ሰጠኝ።

ኮሚቴዎ ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት ሁለት መርፌዎች የትኛው እንደሚሻል እያወዳደረ ስለነበር፣ በውድድሩ ለመሳተፍ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. የመጀመሪያውን መድኃኒት የታመመችው ጣቴ ላይ ወጋችሁ። ሁለተኛውን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ታማ የማታውቀው የግራ እጄ ጣት ላይ ወጋችሁ። እሷ ምን አጠፋች ብዬ ብጠይቅ፣ ሁለቱንም መርፌ ለአንድ እጅ መስጠት አድልዎ ነው ተባልኩ። ጥርሴን ነክሼ ፍትሐዊነታችሁን አደነቅሁ።

2. ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለቱንም ጣቶች ለካችሁ። የግራዋ ቀጥ አለች፤ የቀኟ አልተዘረጋችም። በዚህም ሁለተኛው መድኃኒት መቶ በመቶ ፈዋሽ መሆኑን ደረሳችሁበት። እሰየው! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ መዳኔን ከሁሉ ኋላ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፋችሁት አነበብኩ።

3. እንግዲያውስ ፈዋሹን መርፌ ለታመመችው ጣት ስጡልኝ ብዬ ብለምን፣ ነርሷ በሐዘኔታ፣ «አባባ፣ እርስዎ እኮ ድነዋል፤ ለዳነ ሰው መርፌ አንሰጥም» አለችኝ። እጄን አሳየኋት፤ ፋይሉን አሳየችኝ። የእሷ ማስረጃ ማኅተም ነበረው።

ክቡር ሆይ፣ ሠላሳ ዓመት ቤተሰቤን ያስተዳደርኩት በዚህች ጣት ነው። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ ለብ ባለ ውሃ ነክራ ቀስ እያለች ትዘረጋልኛለች፤ ቀጭ ስትል ሁለታችንም ፊታችንን እናዞራለን። ሰሞኑን ሱቁን እንዝጋው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈርቻለሁ።

በጽሑፍ የዳንኩ፣ በአካል የታመምኩ፣ ለሳይንሳችሁ አንዲት ጤነኛ ጣት ያበረከትኩ ትሑት ጸጉር አስተካካይ ነኝ።

ሳልረሳው፦ ስለ ድላችሁ ፎቶ ለመነሳት ቅዳሜ ጠዋት ጺምዎን እኔ ዘንድ ሊላጩ ቀጠሮ ማስያዝዎን ጸሐፊዎ ነግራኛለች። በደስታ እጠብቅዎታለሁ። የቀኝ እጄ ገና ታማሚ ናት፤ የግራዋ ግን፣ በዕድሜዋ ምላጭ ጨብጣ ባታውቅም፣ መዳኗን እርስዎ ራስዎ ፈርመው ስላረጋገጡላት የምላጭዎት በእሷ ነው።