ሐሙስ ሐሙስ በአናጢው ግቢ

መስከረም 20፣ ማክሰኞ
ዝናቡ ቀለል ብሏል። በርበሬ አሰጣሁ። ጥቁር አዝሙድ ገዛሁና የተጠቀለለበትን ወረቀት እንደ ልማዴ ዘርግቼ አነበብኩ። ፊደል የለየሁት በእንዲህ ያለ ቁራጭ ነው... ማን አስተማረኝ? የዛሬው ግማሹ ተቀዷል። «...መጠጥ ለማቆም የምንረዳዳ። ሐሙስ 10 ሰዓት። ከወፍጮ ቤቱ ጎን።»
ደግሜ አነበብኩት። ፍራሽ ሥር ከተትኩት። ብቻዬን እየኖርኩ ከማን ነው የምደብቀው?
ሃና ከሥራ ስትመለስ ጎራ ብላ ሳመችኝ። ልጄ ስትስመኝ አፌን እንደምታሸት አውቃለሁ። እውነቷን ነው። ነሐሴ ላይ ልጇን ቤዚን ጥላልኝ ሄደች፤ እኔ አረቄ ጠጥቼ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሕፃኗ እየዳኸች ወጥታ ጎረቤት ከቦይ ዳር አነሳት። ከዚያ ወዲህ ቤዚን የምትይዛት ሌላ ሰው ናት። ሃና ምንም አላለችኝም። ምነው በሰደበችኝ!

መስከረም 22፣ ሐሙስ
ወፍጮ ቤቱ ጎን ማንም የለም። ወረቀቱ አሮጌ ነው ለካ። ባለ ወፍጮውን ጠየቅኩ።
«እነዚያ ውሃ ጠጪዎቹ? አናጢው አያ በላቸው ዘንድ ገብተዋል፣ ከቁልቁለቱ በታች።»
ደረስኩ። ግቢው ውስጥ የሬሳ ሳጥን ተደርድሯል። ከበሩ ተመለስኩ።

መስከረም 29፣ ሐሙስ
ገባሁ።
ዘጠኝ ሰው፣ ያልተላገ አግዳሚ ላይ። አያ በላቸው ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል። ዓይኔን አየና፣ «ሳጥኑን አትፍሪ እቴ፣ በአንቺ ልክ አልሠራሁም» አለኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ... ከስንት ጊዜ በኋላ?
ነገራቸው እንደ ጽዋ ማኅበር ነው። ዋንጫ ይዞራል፤ ያለበት ግን ውሃ ነው። አያ በላቸው ልክ እንደ ጠላ አሳላፊ መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ከዚያ ዋንጫው የደረሰው ሁሉ ሳይጠጣ የቆየበትን ቀን ይናገራል። ብርቄ የምትባል ከኮሶዬ አገር የመጣች ሴት አለች፤ ድሮ አረቄ አውጪ ነበረች። «አራት ዓመት ከሁለት ወር» አለች፣ ድምፅዋን ሳታሰማምር። እንዴት ያለች ሴት ናት!
ለእኔ ሲደርስ «ከጠዋት ወዲህ» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ
ሰባት ቀን። እጄ ሲንቀጠቀጥ ብርቄ ጤና ጣቢያ ወስዳኝ ነበር፤ አሁን ተሻለኝ።
«ሲያምርሽ ሽንኩርት ላጪ» አለችኝ። «ለማልቀስም ሰበብ ይሆንሻል።»
ቤቴ ሽንኩርት በሽንኩርት ሆኗል።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ
የማርያም ማኅበር፣ እናኒ ቤት። ጠላ ሲታደል ዋንጫዬን በእጄ ከደንኩ።
«ምነው ዝናሽ፣ ከማርያም ተጣላሽ?» አለች እናኒ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።
አንድ ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልቆጠርኩም።
የኅዳር ተረኛ እኔ ነኝ። ጽዋውን ተቀብዬ መጣሁ... ምን ልሁን?

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ
ዋንጫው ደረሰኝ። «ሃያ ስምንት ቀን» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ምላሴ አልተያዘም።
ቀጥሎ ብርቄ ያዘችው። ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ፣ «ሦስት ቀን» አለች። ሰኞ የወንድሟ ተዝካር ነበር፣ ኮሶዬ። ሰበብ የለ፣ እንባ የለ። አራት ዓመት ይዞ ሦስት ቀን ብሎ መናገር... ይህን የሚችል ስንት ሰው አለ?
አያ በላቸው ልክ እንደ አዲስ ሰው፣ «ደህና መጣሽ» አላት።
ተነሣሁ። «የእኔም ስድስት ነው። ዋሽቻለሁ።»
ዋንጫውን እንደገና ሞላና ሰጠኝ። «አንቺም ደህና መጣሽ።»

ኅዳር 12፣ ዓርብ
ለማኅበሩ ጌሾ ልገዛ ወጣሁ። ባዶ እጄን ተመለስኩ። ጠላ ከጠመቅኩ አሳልፋለሁ፤ ካሳለፍኩ መቅመስ አለብኝ። ሳትቀምስ የምታሳልፍ ባለቤት የት ታየች?

ኅዳር 21፣ እሑድ
ማኅበሩ አለፈ።
በጠላ ፈንታ ብርዝ በጠበጥኩ፣ ማርና ውሃ ብቻ። ብርቄ ከጠዋት ጀምሮ ሽሮውንም ዳቦውንም አገዘችኝ። ቄሱ ባረኩ። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀምሼ አሳለፍኩ። እናኒ ጎንጨት አለች።
«ምነው፣ ጠላሽን ውሻ ደፋው?»
ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሃና ቤዚን አዝላ የጓዳው በር ላይ ቆማለች።
«አልጠመቅኩም» አልኩ። «እኔ ከቀመስኩ አልመለስም። ነሐሴ ላይ የልጅ ልጄን ከቦይ ዳር ያደረሳት መጠጤ ነው። ሐሙስ ሐሙስ አያ በላቸው ዘንድ እሄዳለሁ። ዛሬ ሠላሳ ቀኔ ነው።»
ቄሱ ዋንጫቸውን ዘረጉልኝ። «ሸጋ ብርዝ ነው፤ ድገሚኝ።»
እናኒ ስትወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው?... ለባሌ ነው።»
ይሁን፤ ለባሏ ይሁን።
ሃና ዋንጫ አጥባ ሄደች።

ኅዳር 29፣ ሰኞ
ሃና ገና በጠዋቱ በሩን መታች። ቤዚን እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችልኝ፣ ከነቦርሳዋ። «ቁርሷን በልታለች። በአሥራ አንድ ሰዓት እመጣለሁ።» ታክሲው እየጠራ ነበር፤ ሮጠች።
ቸኩላ ሳትስመኝ፣ አፌንም ሳታሸት ሄደች።
ቤዚ አሁን እግሬ ሥር ናት፤ የጥቁር አዝሙዱን ወረቀት ይዛ ትጫወታለች። በሩን ዘግቼዋለሁ።