የታሸገው ክዳን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለመጻፍም አፍራለሁ፤ ግን ዘይነባን ጠልቻታለሁ።

በአክስቴ የዓሣ ምግብ ቤት መግቢያ ያለውን የመስታወት የዓሣ ገንዳ የምንከባከበው እኔ ነኝ። በውስጡ ያሉትን ተክሎችም ከሐይቁ ዳር ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ቀን ቀን ስኳርና እርሾ ካለበት ጠርሙስ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ በቱቦ እሰጣቸዋለሁ። ሲመሽ ቱቦውን ነቅዬ የገንዳውን ክዳን ገርበብ አደርጋለሁ፤ በጨለማ ጋዙ ለተክሎቹ አይጠቅምም፣ ዓሣዎቹን ግን ያፍናል።

ትናንት ማታ የአክስቴ ልጅ ዘይነባ ቱቦውን መልሳ ሰካችና ክዳኑን በፕላስተር አሸገችው።

"ሊጥ ሳይከደን ያድራል እንዴ? እርሾ እኮ ነው፣ አንቺ ፈዛዛ!" አለችኝ።

መልሼ ለመክፈት አልደፈርኩም፤ ሄጄ ተኛሁ።

ጠዋት ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው አየር ለመሳብ ይታገሉ ነበር። ሁለቱ ሞተዋል።

ዘይነባ በተመጋቢዎች ፊት "ወላሂ፣ ይቺ የነካችው ሁሉ ይሞታል!" ስትል ሰዉ ሳቀ። አክስቴም "ካልቻልሽበት ከነገ ጀምሮ ዘይነባ ትያዘው" አለችኝ።

በእሷ እጅ አንድም አይተርፍም።

ፕላስተሩን ልጬ እዚህ ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ። ነገ ምግብ ቤቱ ሳይከፈት ይህን ደብተር አክስቴ ፊት እዘረጋለሁ። ድምፄ እንቢ ቢለኝ ታንብበው።